ልብ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «አጭር ልብ ወለድ ላይ "ልቧ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ" ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ "ልብ ተሰበረ ራሱ ዘይቤ ነው፤ ዘይቤ በዘይቤ ላይ አይደረብም" አለኝ። ስህተት ነው?»

ስህተትስ አይደለም። ግን አልጣመኝም።

መጀመሪያ «ዘይቤ» የሚለውን ቃል ሳልነካ አላልፍም። ግእዝ ነው፤ «ዘ» እና «ይቤ»፣ «ያለው» ማለት። በአንድምታ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት፣ «ዘይቤው» የሚባለው የንባቡ ቀጥተኛ ፍቺ ነው፤ ምስጢሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ፣ ቀጥተኛ ያልሆነውን አነጋገር «ዘይቤያዊ» እንላለን። እያጉረመረምኩ ተቀብዬዋለሁ፤ የሚሰማኝ የለማ!

«ልብ ተሰበረ» ከፈረንጅ አፍ የተቀዳ ነው የሚሉም አሉ። «የተሰበረ ልብ» እኮ አማርኛው መዝሙረ ዳዊት ላይ አለ። እርግጥ እዚያ የተጸጸተ ሰው ልብ ነው፤ ፍቅረኛዋ ጥሏት የሄደ ሴት ልብ አይደለም። ለእሷ «ቅስሟ ተሰበረ»፣ «አንጀቷ አረረ» ነበረን። እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ትንሽ።

ወደ ጓደኛዎ ልመለስ። «ልብ ተሰበረ» ከመለመዱ የተነሳ ስብራቱ ለማንም አይታይም። ስለዚህ ቢደርቡበት ክልክል አይደለም። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር የደከመው ግሱ ላይ ነው። ብርጭቆ ከእጅ ሲያመልጥ ዝም ብሎ «ይሰበራል» እንዴ? እንክትክት ነው የሚለው! «ልቧ እንክትክት አለ» ቢሉ «እንደ»ም አያስፈልግዎትም፤ ብርጭቆውን አንባቢው ራሱ ያመጣዋል።

ያ የግእዙ «ይቤ» በአማርኛ «አለ» ሆኖ እዚህ መጣልን። ከ«ሰበረ» ብቻ ስንት እንደሚያወጣ ይዩ፦ «ስብር አለ» ድንገት፣ ጨርሶ ነው። «ሰበር አለ» ለዘብ ያለ ነው፤ አንገቷን ሰበር አደረገች እንደምንለው። ይህን ሁሉ ትቶ በየመስመሩ «እንደ» መደርደር ለእኔ ስንፍና ነው።

«ሰበር ዜና» ሲመጣም ለዚሁ ነው የተቆጣሁት። ያ የለዘበ «ሰበር» ለዱብ ዕዳ ወሬ ምን አገናኘው? ትርጉሙ ከውጭ የተገለበጠ መሆኑም ያስታውቃል። ከትናንት ወዲያ ግን ቤት ስገባ «ደግሞ ምን ሰበር ዜና አለ?» ያልኩት እኔው ነኝ።