አዳራሹ ተገኘ፣ ሌላውስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ነው የምሰራው። ህዳር ላይ የሁለት ቀን ስብሰባ አለን፣ ከመንዝም ከአንኮበርም ከሸዋሮቢትም ወደ 120 ሰው ይመጣል። አዳራሽ ይዣለሁ፣ ምግቡንም ጨርሻለሁ፣ አሁን አለቃዬ "የደህንነቱን ነገር በወረቀት አምጪ" አለኝ። በር ላይ ፖሊስ ይቁም ከማለት ውጪ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። የጨነቃት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ፖሊሱ ቀላሉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሁፍ አሳውቁ የሚባለው ሰላማዊ ሰልፍና ህዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ነው፣ የናንተ የአባላት ስብሰባ ሌላ ነው፣ ቢሆንም ቀኑንና የሰዉን ብዛት የያዘች አንድ ገጽ ደብዳቤ ለፖሊስም ለቀበሌም አስገቢና ኮፒዋ ላይ ማህተም አስመቺ፣ በቃ።

እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። የሸዋሮቢቶቹ ሲመለሱ ጣርማበርን አልፈው ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርዱት፣ እዚያ ላይ ጉም ከወረደ ደግሞ ከፊትሽ ያለው መኪና የኋላ መብራቱም አይታይሽም፣ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ውሎ በዚያ ላይ ሲመሽበት ምን እንደሚሆን አስቢው። ስለዚህ ስብሰባው ስንት ሰዓት ያልቃል የሚለውን ከመንገዱ ተነሺና ወስኚ፣ በሁለተኛው ቀን ምሳ በልተው 8 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ይሁኑ። ግን ታውቂያለሽ፣ ሰው የሚያመሸው በውይይት አይደለም፣ በአበል ነው! ፊርማ፣ ሰልፍ፣ "የኔ አንድ ቀን ጎደለ" ሲባል 11 ሰዓት ይሆናል። አበሉን ጠዋት ሻይ ሰዓት ላይ አስፈርሚ፣ በቴሌብር ከሆነማ ያን ሁሉ ጥሬ ብር ይዘሽ ከመንቀጥቀጥም ትድኛለሽ።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ታህሳስ ላይ እዛው እናንተ ከተማ አንድ ስልጠና ላይ ነበርኩ፣ ውርጩን ታውቂው የለ፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ፣ ከኋላ ሁለት የከሰል ምድጃ ገባ፣ ቡናውም እዛው ይፈላል። ከሰዓት በኋላ የኋላው ረድፍ ግንባሩን ማሸት ጀመረ። አንዱ "ከፍታው ነው" አለ፣ ሌላው ምሳውን አማ፣ ከዛ አንዲት ሴትዮ ልትወጣ ስትነሳ ጉልበቷ ከዳትና ወንበር ይዛ ወደቀች። ደጅ አውጥተን አየር ስታገኝ ነው የነቃችው፣ እኛም የነቃነው ያኔ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል፣ አይታይም አይሸትም፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ስላለቀ ተረፍን ማለት አይደለም፣ እንደውም የሚያዘናጋው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ራሱን ሊያመው ይችላል፣ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው አንዴ ካመመውና ደጅ ሲወጣ ከተሻለው ከሰሉ ነው፣ ሰዉን አስወጪና በር መስኮቱን ክፈቺ። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። የጥሪ ወረቀቱ ላይ "ጋቢ ይያዙ" በዪ፣ ማንም አይስቅብሽም። ማታም አልጋ ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳያስገቡ ለሆቴሉም ለእንግዶቹም ንገሪ፣ ተኝቶ የያዘውን ሰው ማን ይቀሰቅሰዋል? ጄኔሬተር ካላቸውም የት እንደሚቆም እይ፣ መስኮት ስር ከሆነ ያው ነው።

ሌላው አጭር ነው። ቀብድ ስትከፍዪ መንገድ ቢዘጋ ቀኑ እንደሚዛወር ውሉ ላይ ይጻፍ። የሁሉም ስም ከቤተሰብ ስልክ ጋር ወረቀት ላይ ይኑርሽ፣ ኔትወርክ አይታመንም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የከተማውን ቅርንጫፍ ቀጥታ ስልክም ቀድመሽ ያዢ።

ደግሞ ነገ አዳራሹ ድረስ ሂጂና የኋላውን በር ራስሽ ግፊው። ብዙ ቦታ ወንበር እንዳይሰረቅ ብለው በሰንሰለትና በጓጉንቸር ይቆልፉታል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው ስትያቸው "ልጁ ወጣ ብሏል" ካሉሽ ሰንሰለቱ እስኪፈታ ቀሪውን ብር አትስጫቸው።