ሳይጠመቅ የሞተስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጥር ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጥምቀት ናቸው። አይገርመኝም። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ሲመለሱ፣ ውኃው በሕዝቡ ላይ ሲረጭ፣ ሰው ስለ ራሱ ጥምቀት ማሰቡ አይቀርም። ከብዙዎቹ ስድስቱን መርጫለሁ። እኔ ቄስ አይደለሁም። በልጅነቴ ቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ አሁን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የምመልሰውም ከተማርሁት ነው። የግል ጉዳያችሁን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ "ዶርም ውስጥ ክርክር ተነሣ። ፕሮቴስታንት የሆነ ጓደኛችን 'በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ሳይጠመቅ ገነት ገብቷል፤ ስለዚህ ለመዳን ጥምቀት ግድ አይደለም' አለ። መልስ አጣሁ።"

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ያነሣው ቀላል ነገር አይደለም፤ አታጣጥልበት። ፈያታዊ ዘየማን (በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ) ገነት ስለ መግባቱ እኛም አንጠራጠርም። ግን ጊዜውን ተመልከት። ጌታ "ሂዱና አጥምቁ" ብሎ ደቀ መዛሙርቱን የላካቸው ከትንሣኤው በኋላ ነው (ማቴ. 28፥19)። ወንበዴው የሞተው ይህ ትእዛዝ ሳይሰጥ ነው። ደግሞም ሰውየው ተቸንክሯል። ወርዶ ውኃ ሊፈልግ አይችልም። የቀረው አንደበቱ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ሰጠ። እኔና አንተ ግን እጅና እግራችን አልታሰረም።

ለጓደኛህ ሌላ ሰው ጥቀስለት፤ ቆርኔሌዎስን። የሐዋርያት ሥራ 10 ላይ ጴጥሮስ ገና እየሰበከ ሳለ መንፈስ ቅዱስ በሰዎቹ ላይ ወረደ። ውኃ ሳይነካቸው ማለት ነው። እንግዲህ ጴጥሮስ "በቃ፣ መንፈስ ቅዱስን ካገኛችሁ ውኃው ምን ያደርግላችኋል" ማለት ይችል ነበር። አላለም። "ውኃን ይከለክላቸው ዘንድ የሚችል ማን ነው?" ብሎ እንዲጠመቁ አዘዘ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ነገር አለ። እግዚአብሔር ከውኃው በፊት መሥራት ይችላል። ሐዋርያት ግን ውኃውን አልተውም። እኔ ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። እግዚአብሔር በምሥጢራቱ አይታሰርም፤ እኛ ግን ታዘናል።

የራሳችንን ሰው ደግሞ አትርሳ። የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት። መንገድ ላይ ውኃ ባየ ጊዜ "እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?" አለ። ማንም አልገፋውም። ወንጌሉን ሰምቶ የጠየቀው ውኃውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። "ጴንጤዎች እንዲህ ይላሉ" ብለህ ሁሉንም አንድ ላይ አትጠቅልል። መካነ ኢየሱስ የሉተርን ትምህርት ስለምትከተል ሕፃናትን ታጠምቃለች። ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል የሚያጠምቁት በአፉ የመሰከረን ሰው ነው፤ ጥምቀቱንም የእምነት ምስክርነት ነው ይሉታል እንጂ ያድናል አይሉም። ጓደኛህ የትኛውን እንደሚል መጀመሪያ ጠይቀው፤ ክርክራችሁ ይቀላል።

ከዳንግላ፦ "ዮሐንስ 3፥5 ላይ 'ከውኃና ከመንፈስ' የሚለው ውኃ የእናት ማሕፀን ውኃ ነው፣ ተፈጥሯዊ ልደት ማለት ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?"

ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ጌታ ለኒቆዲሞስ ይህን ከነገረው በኋላ ቁጥር 22 ላይ ወደ ይሁዳ አገር ሄዶ ያጠምቅ ነበር ይላል። ቁጥር 23 ላይ ዮሐንስም በሄኖን ያጠምቅ ነበር፤ "በዚያ ብዙ ውኃ ነበርና" ይላል። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ውኃውም ጥምቀቱም እንዲህ ጎን ለጎን ተጽፎ ሳለ ማሕፀንን ከየት አመጡት?

ከሞጣ፣ አንዲት እናት፦ "ልጄ በተወለደች በ17 ቀኗ አረፈች። ክርስትና ሳትነሣ። ፍትሐትም አልተደረገላትም። ጎረቤት 'ያልተጠመቀ መንግሥተ ሰማያት አይገባም' አለችኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልጄ የት ናት?"

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድም ነበረኝ። በ31 ቀኑ ሞተ። እናቴ ለክርስትናው የገዛችው ነጭ ነጠላ ሳጥኗ ውስጥ ታጥፎ ኖረ። ማንም እንዲለብሰው አትፈቅድም። ስለሱ ስታወራ ሌላ ነገር አትልም፤ "ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር" ብቻ። እኔ ልጅ ሆኜ ዘጠኝ የሚባለውን ቁጥር የተማርሁት ከእሷ አፍ ይመስለኛል። ስለዚህ የምጽፍልሽ መጽሐፍ ገልጬ ብቻ አይደለም።

የማልደብቅሽ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ላልተጠመቀ ፍትሐት አታደርስም። ፍትሐት በጥምቀት የእግዚአብሔር ልጅነትን ላገኘ ሰው የሚደርስ የኃጢአት ሥርየት ጸሎት ነው። ልጅሽ ላይ አልደረሰም ማለት ግን ተፈረደባት ማለት አይደለም። ሥርዓት ሌላ፣ ፍርድ ሌላ። ፍርዱ በካህኑም በጎረቤትሽም እጅ የለም።

አባቶችም በዚህ ላይ ሲናገሩ ጠንቃቃ ናቸው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ፣ እንዲህ ያሉ ሕፃናት ክፋት የለባቸውምና አይቀጡም፣ ማኅተሙን፣ ማለትም ጥምቀትን፣ አላገኙምና አይከብሩም ብሏል። ይኼ ከጥምቀት ጋር በተያያዘ ጥብቅ ከሆነ አባት የመጣ ቃል ነው። እሱ እንኳ ቅጣት አለባቸው አላለም። ጌታ ራሱ "ያመነ የተጠመቀም ይድናል፥ ያላመነ ግን ይፈረድበታል" ሲል ፍርዱን ያያያዘው ከአለማመን ጋር ነው። የ17 ቀን ልጅ ማንን ካደች?

እኔ ከዚህም አልፌ ተስፋ አደርጋለሁ። ሄሮድስ በቤተ ልሔም ያስፈጃቸው ሕፃናት በውኃ አልተጠመቁም። ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ ሰማዕታት ታከብራቸዋለች፤ ደማቸው ጥምቀት ሆነላቸው ትላለች። የልጅሽ ሞት የሰማዕት ሞት ነው አልልሽም። ግን ውኃ ያላገኙትን ሕፃናት እግዚአብሔር በሌላ መንገድ መቀበል እንደሚያውቅበት አይተናል። ዳዊትም ሕፃን ልጁ ሲሞትበት ከመሬት ተነሣ፣ ታጠበ፣ ምግብ በላ። "እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም" አለ። አንቺም ተነሺ። ብዪ። ስታለቅሺ ደግሞ ማንንም አትፍሪ።

ከዚህ በታች ያለውን ለሌሎች ነው የምጽፈው፤ አንቺ ዝለዪው። ሕፃን ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዘው 40 ወይም 80 ቀኑ አይጠበቅም። በተወለደ በማግሥቱም ቢሆን ቄስ ይጠራ። ዲያቆን ማጥመቅ አይችልም፤ ቄስ ነው የሚያስፈልገው። እናቱ አራስ ናትና ልትሄድ አትችልም ብላችሁ አትቆዩ፤ አያት ትይዘው፣ አክስት ትይዘው፣ ጎረቤት ይያዘው። ወንድሜ ሲታመም ይህን የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር።

ከሰከላ፣ የ23 ዓመት ወጣት፦ "ወላጆቼ በልጅነቴ ስለሞቱ ክርስትና ያነሣኝ የለም። ያሳደጉኝ ሰዎች ይህን አረጋግጠውልኛል። ማተብ ግን አስሬአለሁ። ግሽ ዓባይ ጸበል ብዙ ጊዜ ተጠምቄአለሁ። አይበቃም?"

አይበቃም ወንድሜ። ግን ችግሩ የአንተ ብቻ አይደለም፤ አማርኛችን ራሱ ያሳስታል። ጸበል ስንገባም "ተጠመቅሁ" እንላለን፣ ክርስትና ስንነሣም "ተጠመቅሁ" እንላለን። ጥር 11 ውኃ ሲረጭብንም እንዲሁ። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። የጥር 11ዱ የጌታን ጥምቀት ማሰቢያ ነው። ጸበል በረከትና ፈውስ ነው፤ ግሽ ዓባይ ሰው ጀሪካኑን ይዞ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ ሺህ ጊዜ ብትገባ ማንም አይከለክልህም። ክርስትና ግን አንድ ጊዜ ነው፤ ልጅነት የሚገኝበት ነው።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ቀን ማልደህ ክርስትና ሲነሣ ቁም። ገና አልነጋም። የደጋ ብርድ ያንቀጠቅጣል። ካህኑ በውኃው ላይ ይጸልያል። ሕፃኑን የያዘው ክርስትና አባት ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል፤ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ማመኑን ይናገራል። ሕፃኑ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ገላው በ36 ቦታ ሜሮን የሚባለውን ቅዱስ ቅባት ይቀባል። ማተብ ይታሰርለታል። ነጭ ይለብሳል። ሲቀደስ ይቆርባል። "ክርስትና ተነሣ" የምንለው እንዲሁ አይደለም። ጳውሎስ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ተቀበርን፣ እንደ እርሱም ተነሣን ይላል (ሮሜ 6)። ውኃው መቃብር ነው። የሚወጣው ሰው የተነሣ ሰው ነው።

አንተ ደግሞ ሕፃናት የሌላቸው ዕድል አለህ። "እክህደከ ሰይጣን" (ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ) የምትለው በራስህ አፍ ነው። አጥቢያህ ሂድና "ክርስትና አልተነሣሁም፣ መነሣት እፈልጋለሁ" በል። መጀመሪያ ያስተምሩሃል። አትፈር። የህንደኬ ጃንደረባም ትልቅ ሰው ሆኖ ነው የተጠመቀው።

ከፍኖተ ሰላም፦ "በ40 ቀኔ ተጠምቄ ነበር። አዲስ አበባ ለሥራ ሄጄ ሌላ ቤተ እምነት ገባሁ፤ እዚያም እንደገና ተጠመቅሁ። አሁን ተመልሻለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ልጠመቅ?"

አይደለም። በ381 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ያጸኑትን ጸሎተ ሃይማኖት በየቀኑ እንደግመዋለን፦ ኃጢአትን በምታስተሠርይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን። የ40 ቀኑ ልጅነትህ አልጠፋም። ንስሐ ትገባለህ፤ ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚጸለየው መጽሐፈ ቄደር ይጸለይልሃል። በውኃ ቢሆንም ቄደር የንስሐ ሥርዓት ነው እንጂ ሁለተኛ ክርስትና አይደለም። የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባቱ ልብስ አለበሰው፣ ቀለበት አደረገለት። እንደገና አልወለደውም።

በዚህ ጉዳይ ጎጃም የቆየ ቁስል አለበት። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን ጎጃምን የሚገዙት ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነበሩ፤ እሳቸውም አጥባቂ ካቶሊክ ሆነው ነበር። በ1625 እ.ኤ.አ. የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይካኑ አለ። "የእስከ ዛሬው ክርስትናችሁ ክርስትና አልነበረም" እንደ ማለት ነው። አገሩ በደም ተነከረ። በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። አያቶቻችን ለዚያች ለአንዲቱ ጥምቀት ብዙ ከፍለዋል። አንተም የ40 ቀንህን አታቃልላት።

ከብቸና፣ አንድ አባት፦ "የጓደኛዬን ልጅ ክርስትና እንዳነሣ ተጠይቄአለሁ። ሕፃን ሳያምን ይጠመቃል ወይ ሲሉኝ ምን ልበል? ደግሞ ወንድ 40፣ ሴት 80 ለምን ሆነ?"

ከኋለኛው ልጀምር፤ አጭር ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። ዘሌዋውያን 12 ላይም የእናት የመንጻት ቀን ሲደመር ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ይሆናል። ቀኑ ያለፈበት ካለ ግን "አለፈ" ብሎ መቅረት የለም፤ ሲደርስ ይጠመቃል።

ስለ እምነቱ፣ የእስራኤል ልጅ በስምንተኛ ቀኑ ሲገረዝ ማንም "ታምናለህ ወይ" አላለውም። ጳውሎስ ደግሞ ጥምቀትን ከግዝረት ጋር ያያይዘዋል (ቆላ. 2)። የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂም ከነቤተ ሰዉ ነው በዚያች ሌሊት የተጠመቀው። ሕፃኑ ማመን አይችልም፤ ለዚህ ነው እርስዎ የሚቆሙት። ወደ ምሥራቅ ዞረው የሚናገሩት ቃል የእሱ ነው። እርስዎ ዘንድ በአደራ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ክርስትና አባትነትን ልብስ መግዛትና ድግስ መብላት ያደርገዋል። ያሳዝነኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች ዘመድ ናችሁ፤ በልጆቻችሁ መካከል ጋብቻ እንኳ የለም።

ንጋት ላይ ቀድመው ይድረሱ። ነጭ ልብሱንና የማተቡን ክር ይያዙ። ካህኑ ውኃው ውስጥ ሲያስገባው ይጮሃል፤ አይደንግጡ። ክርስትና ስሙን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ብዙ ሰው አድጎ አያውቀውም። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ቤቱ ይሂዱና አጠገብዎ አስቀምጠው ያን ጠዋት በእሱ ፈንታ ምን እንዳሉ ይንገሩት።