የቡና አበባዬ በፎቶ ላይ ለምን ይነጣብኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። ማና ያለው የአባቴ ቡና ሲያብብ በ18-55 ሌንስ ቀርቤ አነሳለሁ። አበባው ቅርጹ ሳይለይ ነጭ ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ያልነጣውም ይደበዝዛል። በጣም ቀርቦ ለማንሳት የተሠራ ማክሮ ሌንስ ልግዛ?

ምላሽ፦ ገንዘብዎን ለጊዜው ያቆዩት። መንጣቱ የሌንሱ ጥፋት አይደለም። ቡናው ያለው ጥላ ዛፍ ስር ነው፤ ካሜራው በአብዛኛው የሚያየው ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ስለሆነ ጨልሟል ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ያኔ አበባው ይቃጠላል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል፤ አንዴ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በኮምፒውተር አይመለስም። ብርሃኑን የሚያስተካክለውን የ+/- ቁልፍ ተጭነው ወደ -1 ያውርዱት፤ ካልበቃ በሌላ ሲሶ ዝቅ ያድርጉት። ቀርበው አበባው ፍሬሙን ከሞላው ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ካሜራው ነጩን ግራጫ ስለሚያደርገው ወደ +1 መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቁጥር አይሸምድዱ፤ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ጨለማ በግራ፣ ብርሃን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ) ይክፈቱ፤ ቀኝ ጠርዙ ላይ ካልተከመረ ደህና ነው።

በቅጠል መሃል ሾልኮ የሚያርፍ ፀሐይ ካለ ግን ቁልፍ አያድንዎትም። አንድ ሰው ነጠላ ዘርግቶ ይከልልልዎት፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ፍላሹን ይተውት።

ወደ መደብዘዙ ስንመጣ፣ እንዲህ ያሉ ሌንሶች ከ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ፎከስ አያደርጉም (የሚለካው ከሌንሱ ጫፍ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ምስሉን ከሚቀበለው ሴንሰር ነው)። ሌንሱን ዙም አድርገው 55 ላይ ያድርጉ፣ ፎከሱን በእጅ ወደ ቅርቡ ጫፍ ያዙሩትና ከዚያ በኋላ አይንኩት፤ ራስዎ በቀስታ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ አበባው ሲጠራ ይጫኑ። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ቢያንስ 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 800 ይበቃል፤ በአይኤስኦው ምክንያት ፎቶው ላይ ትንሽ ቅንጣት ብትታይ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ትሻላለች። ንፋስ ሳይነሳ በጠዋት ይሂዱ፤ ካሜራውንም ከአበባው ፊት ጋር ትይዩ ያድርጉ።

ከዚህም መቅረብ ካማረዎት ከማክሮ ሌንስ በፊት ርካሹን ኤክስቴንሽን ቲዩብ (በካሜራውና በሌንሱ መሃል የሚገባ ባዶ ቀለበት) ይሞክሩ። አበባው ሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኑ እስኪያርፍ ከቀረቡ ግን በኤፍ 8 ጥርት የሚለው ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ያኔ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ግድ ይላል።

የቡና አበባ ከደረቅ ወራት በኋላ ዝናብ ሲያገኝ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ይፈነዳል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይጠወልጋል። ዝናቡ የጣለበትን ቀን ይመዝግቡ፣ ባትሪውን ቀድመው ይሙሉ። ቅርንጫፉን ለፎቶ ብለው አይቁረጡት፤ አባትዎ የሚለቅሙት ፍሬ ከዚያው ነው።