ዓይኔ በጾም ለምን ቢጫ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አዘዞ የምኖር የ27 ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁዳዴ ሲጋመስ የዓይኔ ነጩ ክፍል እርድ የነካው ይመስላል። ተመርምሬ ቢሊሩቢን 2.4 ተባልኩ፤ አብዛኛው ኢንዳይሬክት (ጉበት ገና ያልሠራበት) ነው። የጉበት ኢንዛይሜ፣ የደም ቆጠራዬ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ውጤቴ ደህና ነው። ሐኪሙ «ጊልበርት ነው፣ አያሳስብም» ብሎ ሸኘኝ። አማቴ ግን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ሲኒዬን ለይተውታል። መድኃኒት የሚያጠጣ አዋቂም ፈልገውልኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጊልበርት እኔም አለብኝ። ያወቅሁት በጥምቀት ነው። ጋድ ጾሜ፣ ሌሊቱን ፋሲለደስ መዋኛ ቆሜ አድሬ፣ ጠዋት የተነሳሁትን ፎቶ ባየው ጋቢዬ ነጭ፣ ዓይኔ ቢጫ! ባዶ ሆድና እንቅልፍ ማጣት ነው ያወጣው።

ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ኖሮ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ውኃ እንዲያሟሟው አድርጎ ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል። የእኛ፣ ጊልበርት ያለብን ሰዎች፣ ኢንዛይም የሚሠራው ከሌላው ሰው ሲሶውን ያህል ነው። ከወላጅ የወረስነው እንጂ ከሰው የተጋባብን አይደለም። ጉበትንም አያበላሽም። ረሃብ፣ ጥም፣ ጉንፋን ወይም ድካም ሲጨመርበት ቢጫው ብቅ ይላል።

አዋቂውን ተይው። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ቢጫው ስትበይ በራሱ ይጠፋል። ለፋሲካ ዶሮው ቀርቦ ዓይንሽ ሲነጣ ምስጋናው ለአዋቂው ይሄዳል። ያጠጡሽ ሥር ግን ደህናውን ጉበትሽን ሊጎዳው ይችላል።

ጾሙን ተይ አልልሽም፣ እኔም አልተውኩም። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተሽ በሻይና በቆሎ አትለፊው። ሽሮም ይሁን ምስር ጠግበሽ ብዪ። ማታ ውኃ ጠጪ። ከበረታብሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

ሽንትሽ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራሽ ከነጣ፣ ትኩሳት ወይም የቀኝ ጎን ሕመም ከመጣ ግን «ያው ጊልበርት ነው» ብለሽ አትቀመጪ፤ በዚያው ቀን ታዪ። መድኃኒት ሲታዘዝልሽም ተናገሪ፤ ከአንዳንድ የካንሰርና የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር የማይስማማበት ጊዜ አለ።

ለአማትሽ ይህን አንብቢላቸው። ሲኒሽም ረከቦቱ ላይ ከሌሎቹ ጋር ይደርደር።