መልስ፦ የምስል ካርድ ልጁን ከመናገር ያሰንፈዋል?

ውድ እህቴ፣ ኦቲዝም ያለበት የሦስት ዓመት ልጅዎ በንግግር ሕክምናው የምስል ካርድ መጠቀም መጀመሩ ጭራሽ አፉን እንዳይፈታ ያደርገው እንደሆነ፣ እንዲሁም አሜሪካ ስለምትኖሩ ቤት ውስጥ አማርኛውን መተው ይኖርባችሁ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ስለ ካርዱ አይስጉ። እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች ካርድ ንግግርን እንደሚያስቀር አላሳዩም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ልጆች ላይ መጠነኛ የንግግር መሻሻል ታይቷል። በ1985 እ.ኤ.አ. በደላዌር ግዛት የተጀመረው ፔክስ የተባለው በምስል ካርድ የመግባባት ዘዴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ሰው ፈልጎ መልእክት ማድረስን ነው። ልጅዎ ሙዝ ሲያምረው እጅዎን ይዞ ከመጎተት ይልቅ የሙዙን ስዕል አንስቶ መዳፍዎ ላይ ያኖራል፤ እርስዎም ወዲያውኑ «ሙዝ!» ብለው ይሰጡታል። በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ሌላ ሰው ከኋላው ተቀምጦ፣ ምንም ሳይናገር፣ እጁን እየመራ ያግዘዋል። «ሙዝ በል» እያሉ ማስጨነቅ ወይም ቃሉን እስኪያወጣ ድረስ መከልከል ግን አይገባም፤ ልጁ በራሱ መንገድ ጠይቋልና ሊሰማ ይገባዋል።

አማርኛውንም አይተዉት። ሁለት ቋንቋ መስማት የኦቲዝም ልጆችን ንግግር እንደሚያዘገይ ጥናቶች አላሳዩም፤ እናት ከልቧ የምታጫውትበትን ቋንቋ መንጠቅ ደግሞ ለእኔ ከባድ በደል ነው።

ልጅዎ ሦስት ዓመት ስለሞላው ለአካባቢያችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተዳደር የነፃ ምርመራ ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ብቁ ሆኖ ከተገኘ የንግግር ሕክምናው ያለ ክፍያ ይሰጠዋል፤ ስለ ልጅዎ ከትምህርት ቤቱ ጋር ለሚደረገው ስብሰባም አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው።