ምግብ ቤት ልትከፍቱ ነው? መጀመሪያ ኪችኑን ወረቀት ላይ ሳሉት

አሜሪካ ውስጥ ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ቤት ልታዩ ስትገቡ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚቆጥረው ጠረጴዛ ነው። አይፈረድባችሁም፤ ኪራዩ የሚወጣው ከዚያ ነው። ግን ኪችኑ በወጉ ካልተደራጀ ወንበሩ ሁሉ ቢሞላም ምግቡ በሰዓቱ አይወጣም።

ኋላ ለማዛወር ከሚከብደው ጀምሩ፦ የጭስ ማውጫው ሁድ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ፣ መብራቱ። አገር ቤት የምናውቀው ኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ ብቻ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። አራት አምስት ምጣድ ሲደረደር መስመሩ ይችል እንደሆነ ኤሌክትሪሽያን ይይላችሁ። ጠረጴዛ ነገም ይገፋል፤ ኮንክሪት ሰብሮ ፍሳሽ ማዞር ግን ኪስ ያራግፋል።

ከዚያ ወረቀት አውጡ። ሪቻርድ ሙተር የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1961 ለፋብሪካ ያወጣው ዘዴ ለኛም ኪችን ይሠራል። ሥራዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ምን ያህል መቀራረብ እንዳለባቸው ትጽፋላችሁ፤ ከ«የግድ ጎን ለጎን» እስከ «በፍጹም እንዳይጠጋጉ»። ምክንያቱንም አብራችሁ ጻፉ። ሊጡና ምጣዱ የግድ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጋጋሪዋ ሊጥ ልትቀዳ ኪችኑን ማቋረጥ የለባትም። ከምጣዱ ቀጥሎ ማብረጃው ይምጣ፤ እንጀራ በትኩሱ ከታሸገ ያልበዋል፣ ቶሎም ይሻግታል። የክትፎ ሥጋ የሚቆረጥበትና ሰላጣ የሚዘጋጅበት ግን ይራራቁ።

ችግሩ ፍላጎቶቹ እርስ በርስ መጣላታቸው ነው። ምጣዱን ከወጡ ምድጃ ብታስጠጉት እርምጃ ይቀንሳል፣ አንድ ሁድም ሊበቃ ይችላል፤ ሙቀቱና እንፋሎቱ ግን ሠራተኛውን ይጨርሳል። ቡናው በሩ አጠገብ ቢቆላ መዓዛው ሰው ይጠራል፤ ጭሱ ደግሞ አላርም ያስጮሃል፣ ረከቦቱም መንገድ ይዘጋል። በሕጉ የዊልቸር መተላለፊያ 36 ኢንች ስፋት ይፈልጋል። ስለዚህ ለድርድር የማይቀርበውን ለይታችሁ አስቀምጡ፦ የምግቡ ንጽሕና፣ የእሳት አደጋ መውጫው፣ የዊልቸር መንገዱ። እነዚህን የማያሟላ ንድፍ የቱንም ያህል ወንበር ቢይዝ ጣሉት። እርምጃን፣ ወጪንና ወንበርን የምታመዛዝኑት በተረፉት መሃል ነው።

ስምንት ነገር ስምንት ቦታ ላይ በ40,320 ዓይነት መንገድ ሊደረደር ይችላል። ሁሉን መሞከር አይጠበቅባችሁም፤ ሦስት አራት ንድፍ በቂ ነው። የመረጣችሁትን በልኩ ወለሉ ላይ በቴፕ አስምሩት። ጋጋሪዋን፣ ወጥ ሠሪዋንና አስተናጋጁን ጠርታችሁ ትሪ ይዘው ይመላለሱበት። የት ቦታ እንደሚጋጩ ያኔ ይታያችኋል። እኔ የጋጋሪዋን ቃል ከአርክቴክቱ እኩል እሰማለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት የምትቆመው እሷ ናት።

ንድፉን ግንባታ ሳትጀምሩ ለአካባቢያችሁ ጤና ቢሮ አስገቡ። የቤቱ ባለቤትም ሁድ እንዲተከል መፍቀዱን ሊዙ ላይ በጽሑፍ ያስፍርላችሁ።