ኳስ ወደ አንድ ጥግ የሚሸሽበት የፑል ጠረጴዛ

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ብዬ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያሠራሁት የፑል ጠረጴዛ ዓመት ሳይሞላው ኳሱ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይንከባለላል፤ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ጎማም ኳስ አይመልስም። ሠሪውን ብጠራው እግሩ ሥር ካርቶን አጥፎ አስገብቶልኝ ሄደ። ይጠገናል ወይስ ልጣለው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ካርቶን እየተጨፈለቀ ስለሚሄድ ጥገና ሊባል አይችልም። በመጀመሪያ ረጅም ውሃ ልክ በቁመቱ፣ በወርዱና ከጥግ እስከ ጥግ እያስቀመጡ ይመልከቱ። ውሃ ልኩ በየቦታው ወደ አንድ ወገን ካሳየ ጉድለቱ የእግር ስለሆነ፣ ከፍና ዝቅ የሚል የብሎን እግር ቢያስገጥሙለት ይቃናል። በየቦታው የተለያየ ካሳየ ግን ገበታው ራሱ ተጣሟል፤ ከእንጨት ብናኝና ፍቅፋቂ ተጨምቀው የሚሠሩት ኤምዲኤፍና ቺፑድ እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ከሥር የሚደግፋቸው አግዳሚ ካነሰም መሐላቸው ይሰረጉዳል። እንዲህ ያለውን በመላግ ለማዳን መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ገበታው ይለወጥ። በጠፍጣፋ ድንጋይ መተካት ከሁሉ ይሻላል፤ ሆኖም አሁን ያለው እግር ክብደቱን መሸከሙን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ጎማውን በተመለከተ፣ የዙሪያው እንጨት ብሎኖች ላልተው እንደሆነ ይፈትሹ። ከዚያም ከፍታውን ይለኩ፤ ለ57 ሚሊ ሜትር ኳስ የጎማው አፍንጫ (ኳሱን የሚነካው ጫፉ) ከገበታው 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት፤ ዝቅ ካለ ኳሱ ይዘላል፣ ከፍ ካለ ይታፈናል። አዲስ ጨርቅ የሚወጠረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።